ዲኤክስ በሶሮ ዳገት፤ በትንሽ ገንዘብ ፈጣን መኪና ስለመሥራት



በኢትዮጵያ ከተሞች ጎዳና ላይ ለዐሥርተ ዓመታት ያልደከመው አንድ ባለ አራት ማዕዘን መኪና አለ። ሊብሬው ላይ ቶዮታ ኮሮላ ተብሎ ተጽፏል፤ ሰው ግን ዲኤክስ ይለዋል። ቤተሰብ ተጭኖበታል፣ ድንችና ጤፍ ተጭኖበታል፣ ሙሽራ ታጅቦበታል፣ ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ የጨበጠው በእሱ ነው። ወጣቱ ደግሞ ቀለም ያስቀባዋል፣ ቸርኬ ይቀይርለታል፣ ሞላውን ቆርጦ ዝቅ ያደርገዋል፣ ማርሚታውን አስነቅሎ ያስጮኸዋል። ይህ ሁሉ የሚደረገው መኪናው ፈጣን እንዲመስል ነው። ዛሬ በሶሮ፣ በጊምቢቹ ከተማ የሚደረገው ይህ ዲስኩር የሚናገረው በእርግጥ እንዲፈጥን ስለማድረግ ነው፤ ያውም ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ በገበያ ቀን ሰው መሐል በዝግታ የሚያልፍ፣ በየዓመቱ ቦሎ የማይከለከል መኪና እንደሆነ።

ዲኤክስ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው መለዋወጫው ስለሚገኝና መካኒኩ ሁሉ ስለሚያውቀው ብቻ አይደለም። በ1979 ገበያ ላይ የዋለው ይህ አራተኛ የኮሮላ ትውልድ (ከዚህ ጀምሮ ለውጭው ታሪክ ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ ይቆጠራል) በኋላ ጎማ የሚገፋ የመጨረሻው ባለ አራት በር ኮሮላ ነው። በ1983 የተካው የቤት መኪና በፊት ጎማ መጎተት ጀመረ። በዚያው ዓመት ቶዮታ ሌቪንና ትሩኖ የተባሉትን የስፖርት ወንድሞቹን ግን በኋላ ጎማ እንደሚገፉ አቆያቸው። የሻንሲ መለያቸው ኤኢ86 ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት በዲኤክስም በኤኢ86ም 2,400 ሚሊ ሜትር ነው። እግራቸውም፣ ማለትም ጎማውን የሚይዘው ዘንግና ሞላ፣ በጣም ስለሚመሳሰል በአውስትራሊያና በጃፓን ያሉ መኪና ወዳዶች የአንዱን ዕቃ ለሌላው ሲገጥሙ ኖረዋል።

ኤኢ86 ሲወጣ ተራ ሰው የሚገዛው መኪና ነበር። ሞተሩ 1,587 ሲሲ፣ ባለ 16 ቫልቭ ሲሆን ጃፓን ውስጥ 130 ፈረስ ጉልበት ተብሎ ተመዝግቧል፤ መኪናው አንድ ቶን አይሞላም። ኬይቺ ቱቺያ የተባለው ተወዳዳሪ በተራራ መንገድ ላይ ስም አወጣለት። በ1995 ደግሞ ኢኒሻል ዲ የተባለው የጃፓን ባለ ሥዕል ታሪክ መታተም ጀመረ፤ በዚህ መኪና የአባቱን ቶፉ በሌሊት ተራራ ለተራራ የሚያመላልስ ልጅ ታሪክ ነው። ዛሬ ያ ርካሽ መኪና የሰብሳቢዎች ውድ ንብረት ሆኗል። የጊምቢቹ ልጅ በየቀኑ የሚያየው ዲኤክስ የዚህ መኪና የሥጋ ዘመድ ነው።

ዝምድናው በዲኤክስ አያበቃም። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ አዲስ አበባን ያገለገለችው ላዳ የጣሊያኑ ፊያት 124 ልጅ ናት፤ ያ መኪና በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተመርጧል። በሶቪየት ዘመን በቪልኒየስ ከተማ፣ የራሊ ሹፌሩ ስታሲስ ብሩንዛ በሚመራው ወርክሾፕ፣ ላዳ 2105 ተፈታታ እንደገና ተሠራችና ላዳ ቪኤፍቲኤስ ተባለች። ባለ 1.6 ሊትር ሞተሯ 160 ፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጥ ነበር። ከላዳ በፊት በአዲስ አበባ ታክሲ የነበረችው ትንሿ ፊያት 600፣ ሰይቼንቶ የሚሏት፣ በካርሎ አባርት እጅ የውድድር መኪና ሆናለች። ተራዋ ሰይቼንቶ በ1955 ስትወጣ 633 ሲሲና ከ22 ያልበለጠ ፈረስ ጉልበት ነበራት፤ በ1961 የወጣችው አባርት 850 ቲሲ 52 ደረሰች። አባርት ድርጅቱን በእግሩ ያቆመው መጀመሪያ ላይ ማርሚታ እየሠራ በመሸጥ ነው። የእሱን መኪኖች ፎቶ ያየ ሰው የኋላ ኮፋኗቸው ሁልጊዜ ተከፍቶ በብረት ተደግፎ ያገኘዋል፤ ከኋላ የተቀመጠው ሞተር አየር እንዲያገኝ የተደረገ ነው። ባለሙያ ሲሠራ መልኩ ከሥራው ይመጣል።

እነዚህ ሦስት መኪኖች የተወለዱት ለተራ ሰው ነው። ቢሊየነር አልሠራቸውም፤ ፈጣን ያደረጓቸው ክብደት የሚቆጥሩ፣ እያንዳንዷን ቡሎን የሚያውቁ ባለሙያዎች ናቸው። ሆኖም የቪልኒየስን ወይም የጃፓንን አሠራር እንዳለ ገልብጦ ሶሮ ላይ ማዋል አይቻልም። እዚህ አገር ሁለት ነገር ይለያል፤ አየሩና መንገዱ።

አየሩ ይቅደም። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከቆላ የመጣ ሯጭ እዚህ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ሁሉ፣ ተርቦ የሌለው ሞተርም ያጥረዋል። ብዙው ዲኤክስ ይዞት የመጣው 4ኬ የተባለው 1,290 ሲሲ ሞተር በፋብሪካው ወረቀት 60 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ቢሆን፣ በዚህ ደጋ ላይ የሚሰጠው ወደ 48 ይወርዳል፤ ያውም አሮጌ ፋሻና ያረጀ ቫልቭ ከሌለው ነው። 870 ኪሎ የሚመዝን መኪና 70 ኪሎ ሹፌር ይዞ ሲወጣ እያንዳንዱ ፈረስ ጉልበት ወደ 20 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው።

አሁን ከመኪናው 100 ኪሎ ይውረድ። ሸክሙ ለአንድ ፈረስ ጉልበት ወደ 17.5 ኪሎ ይወርዳል። ሞተሩ ሳይነካ 6 ያህል ፈረስ ጉልበት የተጨመረ ያህል ነው። ይህ ትርፍ በዳገቱም፣ በቁልቁለቱም፣ በኩርባውም፣ በነዳጁም ይገኛል፤ ከሞተር የተገኘ ጉልበት ግን ሲቆም አይረዳም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መኪናውን ማራቆት ነው። ከፖርቶ ባጋሊዮ ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመው ብረት፣ ትልልቅ ስፒከርና ሳጥኑ፣ በፓራፋንጎ ውስጥ በላይ በላዩ የተለጠፈ ስቱኮ፣ ከኋላ የተገጠመ ክንፍ፣ ከባድ የብረት ቸርኬ፤ ሁሉም ይውጣ። የኋላ ወንበርና የበር ውስጥ ብረት ግን አይነካም፤ መኪናው ቤተሰብ ይጭናልና።

ካርቡራተሩም ከከፍታው ጋር መስማማት አለበት። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ መኪናው ይጨሳል፣ ይጠጣል፣ ይጎትታል ሲባል ግን አይጎትትም። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ዳገት በደንብ ከወጣ በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ ካንዴላውን መፍታት ነው። ጫፉ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚኑ በዝቷል፣ ጂግለሩ በአንድ ቁጥር ይነስ። ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ቤንዚኑ አንሷል፤ ይህ ፒስቶን ያቀልጣልና አደገኛው እሱ ነው። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ በትክክል እየበላ ነው። አራቱ ካንዴላ አራት ዓይነት መልክ ካላቸው ደግሞ ችግሩ ከካርቡራተሩ አልፎ ቫልቭ ወይም ፋሻ ዘንድ ደርሷል።

ወደ መንገዱ ሲመጣ የሥራው ቅደም ተከተል ይገለበጣል። ብዙ ወጣት የሚጀምረው ከሞተር ነው። የዚህ ዲስኩር አቋም ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ብር ለፍሬን ይዋል።

ምክንያቱ ስሌት ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ፍሬኑ የሚያጠፋው ጉልበት አራት እጥፍ ያድጋል። ጥሩ ጎማ ያለው መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ፍሬን ቢይዝ 20 ሜትር ያህል ተንሸራቶ ይቆማል፤ በ120 እየሄደ ቢይዝ 80 ሜትር ይፈልጋል። ሹፌሩ አይቶ እግሩን እስኪያነሳ የሚያልፈው አንድ ሰከንድ ሲጨመር፣ በ120 የሚሄደው ሌላ 33 ሜትር ይበላል። ጠጠር ላይ ደግሞ ቁጥሩ ሁሉ ከዚህ ይብሳል። ከሆሳዕና ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ዳር ስንት ቦታ ላይ ከብትና ልጅ ከ100 ሜትር ባነሰ ርቀት ድንገት እንደሚገባ እዚህ የተቀመጠ ሹፌር ሁሉ ያውቃል።

አርባ ዓመት ያገለገለ ዲኤክስ የኋላ ጎማው ተነቅሎ ታምቡሩ ሲወጣ የሚታየውን መካኒኮች ይመሰክራሉ። መጀመሪያ ታምቡሩ አልወጣም ይላል፤ ሸራው ውስጡን በልቶ ጠርዝ ስላበጀ ነው። በመዶሻ ተለምኖ ሲወጣ ቀይ ቡናማ አቧራ ይፈሳል። ቀጥሎ የሲሊንደሩ ጎማ ተቀዶ የፍሬን ዘይት ወርዶ ሸራውን አርሶት ይገኛል። በአንዳንድ ጋራዥ ሸራው በቤንዚን ታጥቦ፣ በአሸዋ ወረቀት ተፍቆ ይመለሳል። ዘይት የጠጣ ሸራ ግን ፍሬኑ ሲሞቅ እንደገና ያልበዋል፤ አንዱ ጎማ ሲይዝ ሌላው ይለቃል፤ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። መታጠብ አያድነውም፣ መቀየር አለበት። የሲሊንደሩ ጎማ የሚገዛበት ገንዘብ ከአንድ ስፒከር ዋጋ በብዙ ያንሳል።

የፍሬን ዘይቱም የራሱ ጉዳይ አለው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይፈላል፤ ዶት 4 ደግሞ 230 ላይ። ሁለቱም ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባሉ፤ ውሃ ሲገባባቸው የሚፈሉበት ሙቀት ወደ 140 እና 155 ሊወርድ ይችላል። ከሶሮ ደጋ ወደ ኦሞ ሸለቆ በሚወርድ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን እየረገጠ የሚወርድ ሹፌር፣ ዘይቱ ያረጀ ከሆነ፣ በመጨረሻው ኩርባ ፔዳሉ እስከ ወለል ሊገባበት ይችላል። ዘይቱን በሁለት ዓመት አንዴ መቀየርና አየሩን ማስወጣት፣ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ መውረድ ከየትኛውም ውድ ዕቃ በላይ ዋጋ አለው።

ጎማው ሁለተኛ ነው። በጎማው ጎን ላይ ዶት የሚል ጽሑፍ ተከትሎ የሚመጣው የመጨረሻው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል፤ 2319 ማለት እንደ ፈረንጆቹ የ2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ግን ዐሥር ዓመት የሞላው ጎማ ደርቆ ይንሸራተታል። ጎሚስታ ዘንድ ሲሄዱ ከዋጋው በፊት ይህን ቁጥር ማንበብ ይገባል። ባለ 13 ኢንች ቀላል ቸርኬና መካከለኛ ስፋት ያለው አዲስ ጎማ ለዲኤክስ ይበቃዋል። ትልልቅ ቸርኬና ስስ ጎማ ጠጠር ላይ ቸርኬውን ያጣምማል፣ ኩሽኔታውን ይበላል።

ሞላ መቁረጥ ላይ ዝም ማለት አይገባም። ዝቅ ያለ መኪና በጃፓን ለስላሳ አስፋልት ላይ ይሠራል። በዚህ አካባቢ ግን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ፣ የተቆረጠ አስፋልት አለ፣ በክረምት ጭቃ አለ። ሞላውን በእሳት አሙቆ ማውረድ ደግሞ ብረቱን ያበላሻል፤ ከዚያ በኋላ ሞላው እንደ ሞላ አይሠራም፣ ሊሰበርም ይችላል። የባለ አራት በሩ ዲኤክስ የኋላ እግር ባሌስትራ የለውም፤ በአራት ዘንግ ተይዞ በጥቅል ሞላ የቆመ ነው፤ ይህ ለዚያ ዘመን ርካሽ መኪና ትልቅ ጸጋ ነበር። የዘንጎቹን ያረጀ ጎማ ቀይሮ፣ አራት አዲስ ሾክ ገጥሞ፣ ከፍታውን እንደነበረ ትቶ አላይመንት ማስተካከል ኩርባ ላይ መኪናውን ይለውጠዋል። የወለሉ ዝገትም ከዚህ በፊት በበያጅ ይታይ።

ከዚህ በኋላ ሞተር። ለዲኤክስ ባለቤት የሚያዋጣው መንገድ ከዚያው ቤተሰብ የሚመጣው 5ኬ ነው፤ 1,486 ሲሲ ሲሆን በላይት ኤስና ታውን ኤስ መኪኖች ላይ የተገጠመ ነው። ማስቀመጫውም ካምቢዮውም ከ4ኬ ጋር ስለሚገጥም ብረት መቁረጥ አያስፈልግም። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር የሚፈልግ ሰው ከድምፁ በፊት ኮምፕሬሽኑን ቢያስለካ ይሻለዋል። በ1990ዎቹ ኮሮላዎች ላይ ያለው 4ኤ-ኤፍኢም የኤኢ86 ሞተር ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ለፊት ጎማ የተሠራ ስለሆነ ወደ ኋላ ጎማ ሲዞር ሌላ ካምቢዮ፣ ሌላ ማስቀመጫና የኤሌክትሪክ ሥራ ያመጣል። በጠባብ ኪስ የተጀመረ ሥራ መሐል መንገድ ላይ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በዚህ ዓይነት ምርጫ ነው። ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላግ፣ ቫልቭ ማስሞረድ፣ ፋሻ መቀየር፣ አዲስ ጓርኒሲዮን መግጠም፤ አሮጌ ሞተር ያጣውን መመለስ ብቻ ብዙ ሰው የማይገምተውን ጉልበት ይሰጣል። ከ100 ብር በጀት ለፍሬን፣ ለጎማና ለእግር 50ው፣ ለዝገት፣ ለወንበርና ለቀበቶ 20ው ቢውል፣ ለሞተር 30 መቅረቱ ይበቃል። ቀበቶው ባለ ሦስት ነጥብ ይሁን፤ የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን በ1959 ያበረከተው እሱ ስንት ነፍስ አትርፏል።

ማርሚታውም ይቀመጥ። ድምፅ ጉልበት አይደለም፤ አባርት ማርሚታ የሸጠው ጭሱ በቀላሉ እንዲወጣ አድርጎ እንጂ ነቅሎ አይደለም። ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ባለበት መንገድ ማስጮህ ነውር ነው።

በእንግሊዝ አገር የኦውንድል ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ሮን ቻምፒየን በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ከአሮጌ ፎርድ ኤስኮርትና ከካሬ ብረት በ250 ፓውንድ የስፖርት መኪና መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። ሎከስት የሚባሉት እነዚህ መኪኖች በዓለም ዙሪያ በጓሮ ተሠርተዋል። ብረቱ የሆሳዕና በያጅ በርና መስኮት የሚሠራበት የቱቦላሬ ዓይነት ነው። ቢሆንም እዚህ ይህ መንገድ የሚመከር አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪና የሚመዘገበው በሻንሲውና በሞተሩ ቁጥር ነው፤ የራሱ የሻንሲ ቁጥር የሌለው የጓሮ መኪና ሰሌዳ ማግኘቱ እጅግ ይከብደዋል። ሊብሬ ያለውን ዲኤክስ ማደስ ይቀላል፤ ሞተር ሲቀየርም ወዲያው ማስመዝገብ ይገባል። ቁጥሩ ካልተስተካከለ መኪናው መንገድ ላይ ይያዛል፣ ለሽያጭም አይሆንም።

መጪው ዘመን ሌላ በር ከፍቷል። መንግሥት በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ በ2,300 ሜትር ላይም ጉልበቱ ያው ነው። ከሶሮ በስተምዕራብ በሚወርደው የኦሞ ወንዝ ላይ በታኅሣሥ 2009 የተመረቀው ጊቤ 3 ኃይል ማመንጫ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። የዛሬው የቴክኒክ ተማሪ ከተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተርና ባትሪ አውጥቶ በዲኤክስ ውስጥ የሚገጥምበት ቀን ሩቅ አይሆንም። ከፍተኛ ቮልቴጅ ሰው ይገድላልና ይህ ሥራ ያለ ትምህርት የሚነካ አይደለም። ትምህርቱ ግን ከአሁኑ መጀመር አለበት።

አይቻልም የሚል ካለ አስመላሽ ዘፈሩን ያስታውስ። አብራሪ ለመሆን ተመኝቶ ያልተሳካለት ይህ ኢትዮጵያዊ ከመጽሐፍና ከቪዲዮ ተምሮ፣ የፎልክስዋገን ሞተር ገጥሞ፣ ኬ-570ኤ ያላትን ትንሽ አውሮፕላን በ2007 ሠርቷል። ቁጥሩ የፈጀበት የቀን ብዛት ነው። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም፤ ጠግኖ እንደገና ሞከረ።

የቀረው ፍጥነቱ የሚሞከርበት ቦታ ነው። ኢትዮጵያ በ1960ዎቹ የሃይላንድ ራሊ ያስተናገደች አገር ናት፤ የውድድር ታሪክ አላት። በገበያ መንገድና በሕዝብ መሐል መሽቀዳደም ግን ውድድር ሳይሆን ወንጀል ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ለጊምቢቹና ለሆሳዕና ከተማ አስተዳደሮች፣ ለትራፊክ ፖሊስና ለጋራዥ ባለቤቶች ይቅረብ። ገበያ በማይውልበት፣ የአምልኮ ቀንም ባልሆነ አንድ ቀን፣ ከሰው ራቅ ያለ ቀጥ ያለ መንገድ ለጥቂት ሰዓት ይዘጋ። አምቡላንስ ይቁም፣ ሹፌሩ ሁሉ የአደጋ መከላከያ ቆብና ቀበቶ ያድርግ፣ መካኒኮች ከመነሻው በፊት እያንዳንዱን መኪና ይመርምሩ። የመጀመሪያው ፈተና የፍሬን ይሁን፤ መኪናው ከ60 ተነሥቶ በስንት ሜትር ቆመ? ከ25 ሜትር በላይ የወሰደ ዲኤክስ የዚያን ቀን አይሽቀዳደም፤ ወደ ጋራዡ ተመልሶ ታምቡሩ ይፈታ።